የሀገር ገቢን በግራፍ ማሳየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በእንጅባራ ለሚማሩ የኢኮኖሚክስና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች፣ በጎጃም ዞኖችና ወረዳዎች ለሚሠሩ የፕላን ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነው። ምሳሌዎቹ በኤክሴል የተሠሩ ናቸው። ሊብረኦፊስም አብዛኛውን ይሠራል፤ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት መሥራታቸው ትልቅ ጥቅም ነው።

የትኛውን ግራፍ ልምረጥ?

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን ዓይነት ብር እንደሆነ ይወስኑ። የተበላሹ ግራፎችን ስንመለከት አብዛኞቹ የተበላሹት በቅርጻቸው ሳይሆን በወቅቱ ዋጋ የተሰላን ገቢ በቋሚ ዋጋ እንደተሰላ አድርገው በማቅረባቸው ነው።

አንድ የቢቸና ገበሬ ዘንድሮ 10 ኩንታል ጤፍ አመረተ እንበል፤ የኩንታሉ ዋጋ 5,000 ብር ነው። በሚቀጥለው ዓመት 11 ኩንታል አመረተ፤ ዋጋው 8,000 ብር ሆነ። በወቅቱ ዋጋ ሲሰላ ምርቱ ከ50,000 ወደ 88,000 ብር ሄደ፤ ጭማሪው 76 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዋጋ፣ ማለትም በቋሚ ዋጋ፣ ሲሰላ ግን ከ50,000 ወደ 55,000 ብር ነው፤ ጭማሪው 10 በመቶ። ጎተራው ውስጥ የተጨመረው አንድ ኩንታል ብቻ ነው፤ የቀረው ዋጋ ነው። 88,000ን ለ55,000 አካፍሎ በ100 ማባዛት 160 ይሰጣል፤ ይህ የዋጋ ማስተካከያው ወይም ዲፍሌተሩ ነው። የሀገር ሂሳብም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የምርቱ ዓይነት ብዙ ከመሆኑ በቀር።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ይቀላል። ገቢ በዓመታት እንዴት እንደተጓዘ ለማሳየት በቋሚ ዋጋ የተሰላውን በመስመር ግራፍ፣ የየዓመቱን የዕድገት መጠን በባር ግራፍ፣ የዘርፎችን ድርሻ በተደራረበ ባር፣ ከአንዱ የገቢ መለኪያ ወደ ሌላው የሚደረገውን ቅንስናሽ በፏፏቴ ግራፍ (እያንዳንዱ ባር ያለፈው ካበቃበት በሚነሣበት)፣ ገቢ በሕዝቡ መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ በሎሬንዝ ኩርባ (የሕዝቡን ድርሻ ከገቢው ድርሻ ጋር በሚያነጻጽረው መስመር) ያሳዩ። በወቅቱ ዋጋ የተሰላው የሚያስፈልገው ገቢውን ከበጀት፣ ከዕዳ ወይም ከግብር ጋር ለማነጻጸር ነው፤ እነዚያም በወቅቱ ብር የሚመዘገቡ ናቸውና።

አረብ ሀገር ያለች ልጅ የምትልከው ገንዘብ በየትኛው ውስጥ ይቆጠራል?

ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት በሀገሪቱ ክልል ውስጥ የተመረተውን ይቆጥራል። ጠቅላላ ብሔራዊ ገቢ በዚያ ላይ ነዋሪዎች ከውጭ ያገኙትን ደመወዝ፣ ወለድና የትርፍ ድርሻ ይደምራል፤ ለውጭ ሰዎች የተከፈለውን ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሐዋላው ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የኖረች ልጅ ለቤተሰቧ የምትልከው ገንዘብ በሁለቱም ውስጥ የለም። የሚገባው ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው፣ ለመጠቀም በሚውለው ጠቅላላ ብሔራዊ ገቢ ውስጥ ነው። ለአጭር ጊዜ ሄዶ የሚመለስ ሠራተኛ ደመወዝ ግን ከብሔራዊ ገቢው ይደመራል።

ይህን ለማሳየት ከፏፏቴ ግራፍ የተሻለ የለም። በኤክሴል 2016 እና ከዚያ ወዲህ በወጡት ላይ አለ። በአንድ አምድ ስሞቹን፣ በሁለተኛው ቁጥሮቹን ይጻፉ፦ የሀገር ውስጥ ምርት፣ ከውጭ የተገኘ የተጣራ ገቢ፣ ብሔራዊ ገቢ፣ የእርጅና ተቀናሽ (የማሽንና የሕንፃ ማርጀት)፣ የተጣራ ብሔራዊ ገቢ። የሚቀነሰው በአሉታዊ ምልክት ይጻፋል። ከዚያ «ኢንሰርት» ውስጥ «ዋተርፎል» የሚለውን ይምረጡ። በዚህ ጊዜ ድምሮቹ እንደ አዲስ ጭማሪ ተቆጥረው ግራፉ ወደ ሰማይ ይወጣል። ማስተካከያው በብሔራዊ ገቢውና በመጨረሻው ባር ላይ አንድ በአንድ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ «ሴት አዝ ቶታል» የሚለውን ምልክት ማድረግ ነው፤ ያኔ ከዜሮ ይነሣሉ።

የዕድገት መጠን ሲወርድ ገቢ ቀነሰ ማለት ነው?

አይደለም። በንባብ ላይ ከሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ ይህ ይበዛል።

በመንግሥት የተገለጸው የሀገሪቱ ዕድገት በበጀት ዓመት እንዲህ ነው፦ 2011 ላይ 9.0፣ 2012 ላይ 6.1፣ 2013 ላይ 6.3፣ 2014 ላይ 6.4፣ 2015 ላይ 7.2፣ 2016 ላይ 8.1 በመቶ። እነዚህን ስድስት ቁጥሮች በመስመር ካገናኟቸው ከ9.0 ወደ 6.1 ቁልቁል የሚወርድ መስመር ይታያል፤ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው «በ2012 ኢኮኖሚው ወደቀ» ብሎ ይወጣል። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ማርሽ ቀይሮ ሲያዘግም ወደ ኋላ እየተመለሰ አይደለም፤ አሁንም ዳገቱን እየወጣ ነው።

ያንኑ ዕድገት ወደ መጠን ይለውጡት። 2010ን 100 ይበሉ። 2011 ላይ 109.0 ይሆናል፤ ያንን በ1.061 ሲያባዙ 115.6፣ ቀጥሎ 122.9፣ 130.8፣ 140.2፣ በመጨረሻም 2016 ላይ 151.6። በኤክሴል ቢ2 ላይ 100 ይጻፉ፤ ዕድገቱ ሲ3 ላይ ካለ ቢ3 ላይ «ቢ2 ሲባዛ በ(1 ሲደመር ሲ3 ሲካፈል ለ100)» የሚለውን ቀመር አስገብተው ወደ ታች ይጎትቱ። የዕድገቱን ቁጥሮች በቀጥታ መደመር ስሕተት ነው፤ ድምሩ 43.1 ይመጣል፤ እውነተኛው ጭማሪ ግን 51.6 በመቶ ነው፤ የዘንድሮው ዕድገት የሚሰላው አምና በተጨመረው ላይ ጭምር ስለሆነ።

ሁለቱን ግራፎች አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርገው፣ የዓመቶቹን ትይዩ ጠብቀው ያቅርቡ፦ ከላይ መጠኑ በመስመር፣ ከታች ዕድገቱ በባር። አንዱን ከሌላው ለይቶ ማሳየት አንባቢውን ማሳሳት ነው።

ቁም ዘንጉ ሁልጊዜ ከዜሮ መነሣት አለበት?

ለባር ግራፍ፣ አዎ፣ ያለ ድርድር። ዓይን ባርን የሚያነበው በርዝመቱ ነው። 6.1 እና 8.1ን ከ6 በሚነሣ ዘንግ ላይ ቢሥሏቸው የአንዱ ቁመት 0.1፣ የሌላው 2.1 ይሆናል፤ ሁለተኛው 21 እጥፍ መስሎ ይታያል። በእውነት ግን የሚበልጠው በሲሶ ገደማ ነው። ኤክሴል አንዳንዴ ሳይጠየቅ ዘንጉን ስለሚቆርጥ በዘንጉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፎርማት አክሲስ» ውስጥ ዝቅተኛውን 0 ብለው ራስዎ ይጻፉ።

መስመር ግራፍ ግን የሚነበበው በአካሄዱ ስለሆነ ከዜሮ ባይነሣም ችግር የለውም፤ የት እንደሚነሣ ዘንጉ ላይ በግልጽ ይነበብ እንጂ።

የዘርፎችን ድርሻ በክብ ግራፍ ባሳይስ?

የአንድ ዓመት፣ የሦስት ዘርፍ ከሆነ ይቻላል። ክብ ግራፍ ከ1801 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የሠራው ዊልያም ፕሌይፌር የመስመርና የባር ግራፍን ለኢኮኖሚ ቁጥር በ1786 እ.ኤ.አ. ያዋለው ሰው ነው። ሆኖም ዓይናችን አንግል ከማነጻጸር ይልቅ በአንድ መስመር ላይ የቆሙ ባሮችን ማነጻጸር ይቀናዋል። 29 እና 32 በመቶን በክብ ላይ ለይቶ ማየት ከባድ ነው፤ በባር ላይ ወዲያው ይታያል።

ሁለት ክቦችን ጎን ለጎን አድርጎ የዘርፎችን ለውጥ ማሳየት ደግሞ ፈጽሞ አይመከርም። ከ20 ዓመት በፊት የምርቱ ግማሽ ገደማ የነበረው ግብርና አሁን ሲሶ ገደማ መሆኑን ለማሳየት እስከ 100 በመቶ የሚሞላ የተደራረበ ባር ይጠቀሙ፤ ግብርናን ከታች ያድርጉት። ከታች ያለው ብቻ ነው ቀጥ ካለ መሠረት የሚነሣው፤ ስለዚህ የዋና መልእክትዎ ዘርፍ እዚያ ይሁን። ከሥሩም አንድ ማስታወሻ ይጨምሩ፦ ድርሻው መቀነሱ ምርቱ ቀነሰ ማለት አይደለም። ጤፉም በቆሎውም ጨምሮ ሌላው በበለጠ ፍጥነት ሲጨምር ድርሻ ይቀንሳል።

ገቢን በወጪ በኩል ማለትም በፍጆታ፣ በመንግሥት ወጪ፣ በኢንቨስትመንት፣ በወጪ ንግድና በገቢ ንግድ ለማሳየት ክብ ግራፍ ከተጠቀሙ ግን ውጤቱ ሐሰት ነው። የገቢ ንግድ የሚቀነስ ስለሆነ አሉታዊ ቁጥር ነው፤ ኤክሴል ግን አሉታዊ ምልክቱን ጥሎ ቁጥሩን እንደ አዎንታዊ ቁራሽ ይሥለዋል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ከውጭ የምናስገባው ከምንልከው ስለሚበልጥ ያ ቁራሽ ትልቅ ይሆናል። ለዚህ ከዜሮ መስመር በላይና በታች የሚሄድ የተደራረበ ባር ነው ትክክሉ።

ሎጋሪትሚክ ዘንግ መቼ ነው የሚያስፈልገው?

ከ20 ዓመት በላይ የሆነ ተከታታይ ቁጥር ሲኖር። በተራ ዘንግ ላይ የድሮዎቹ ዓመታት መሬት ላይ ተኝተው የቅርቦቹ ብቻ ይገዝፋሉ። በሎጋሪትሚክ ዘንግ ግን እኩል የመቶኛ ዕድገት እኩል ተዳፋት አለው፤ በየዓመቱ በ7 በመቶ የሚያድግ ገቢ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ በ10 ዓመት ገደማም እጥፍ ይሆናል።

«ፎርማት አክሲስ» ውስጥ «ሎጋሪትሚክ ስኬል» የሚለውን ምልክት ያድርጉና መሠረቱን ከ10 ወደ 2 ይለውጡት፤ ገቢውን በ100 የሚጀምር መለኪያ አድርገው ከሆነ ዝቅተኛውንም 100 ይበሉ። አግድም መስመሮቹ 100፣ 200፣ 400 ላይ ይወድቃሉ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ እጥፍ ማለት ነው። ዜሮና አሉታዊ ቁጥር እዚህ ዘንግ ላይ አይገባም፤ የዕድገት መጠንን በሎግ መሣል ስለዚህ አይሆንም። ለወረዳ ምክር ቤት ወይም ለገበሬ ማኅበር ስብሰባ ከሆነም ይቅር፤ ማብራራቱ ከግራፉ በላይ ጊዜ ይወስዳል።

ኤክሴል ዓመቶቼን ለምን ያበላሻቸዋል?

ሦስት ምክንያት አለ።

የመጀመሪያው፣ የዓመቱን አምድ እንደ ገቢ ቁጥር መቁጠሩ ነው። ግራፉ ላይ 2,000 አካባቢ የሚሄድ ጠፍጣፋ መስመር ካዩ ያ ዓመቱ ራሱ ነው። የሰንጠረዡን የግራ ላይኛ ሳጥን ባዶ አድርገው እንደገና ይሥሉት፤ ወይም «ሴሌክት ዳታ» ውስጥ ያንን መስመር ሰርዘው ዓመቶቹን ለአግድሙ ዘንግ ይስጡ።

ሁለተኛው፣ 2010/11 ብለው ሲጽፉ «ኅዳር 2010» ብሎ በፈረንጅ ወር መተርጎሙ ነው። 2011/12ም እንዲሁ ወደ ታኅሣሥ ይለወጣል። 2012/13 ግን 13ኛ ወር ለኤክሴል ስለሌለ እንደተጻፈ ይቀራል። ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ በሆነ አምድ ቅደም ተከተል ይፈርሳል። ቁጥር ከማስገባትዎ በፊት አምዱን መርጠው ዓይነቱን «ቴክስት» ያድርጉት። ከገባ በኋላ መለወጡ አይጠቅምም፤ አንዴ ቀን የሆነው የቀን ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው የእኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ስሙንም የሚያገኘው ከሚያልቅበት ዓመት ነው። የ2012 በጀት ዓመት በእንግሊዝኛ ሰንጠረዦች 2019/20 ይባላል፤ 7 እና 8 መጨመር ነው። አንድ ዓመት ብቻ የሚጽፍ ምንጭ ሲገጥምዎ የመጀመሪያውን ይሁን የመጨረሻውን ከማብራሪያው ሳያረጋግጡ ከሌላ ሰንጠረዥ ጋር አያጣምሩ።

በዶላር ስሥለው ገቢያችን ድንገት ወደቀ፤ ምን ተፈጠረ?

ምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቀኑ 2016 ይበል እንጂ የ2017 በጀት ዓመት ከገባ በኋላ ነው፤ ስለዚህ መውደቁ ግራፉ ላይ የሚታየው በ2017 ነው። የቡሬ በቆሎ ምርት ግን በዚያ ሳምንት አልተቀነሰም። ቀደም ብሎ በጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ ሲቀነስም ተመሳሳይ ስብራት ተፈጥሯል።

የሀገር ውስጥ አካሄድን ለማሳየት በቋሚ ዋጋ በብር ይሣሉ። ከኬንያ ወይም ከሱዳን ጋር ለማነጻጸር የመግዛት አቅምን መሠረት ያደረገውን፣ ማለትም የየሀገሩን የዋጋ ልዩነት ያስተካከለውን ዶላር ይጠቀሙ። የዓለም ባንክ አትላስ የሚባለው ስሌት ደግሞ የሦስት ዓመት ምንዛሪን አማካይ ስለሚወስድ ስብራቱን ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም። የትኛውንም ቢመርጡ ከርዕሱ ሥር ይጻፉት፤ «በዶላር» ብቻ ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም።

የመሠረት ዓመቱ ሲቀየርስ?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሂሳብ በ1992፣ ከዚያ በ2003፣ ቀጥሎም በ2008 ዋጋ ተሰልቷል። ዋጋው የተወሰደበት ዓመት የመሠረት ዓመት ይባላል፤ በተለያየ የመሠረት ዓመት የተሰሉ የሁለት ሰንጠረዦችን ቁጥሮች ዝም ብሎ አንዱን ከአንዱ ሥር መለጠፍ መገናኛው ላይ የሌለ ዝላይ ይፈጥራል። ሁለቱም የሚጋሩትን ዓመት ይፈልጉ። ለምሳሌ ለዚያ ዓመት አሮጌው 800፣ አዲሱ 1,200 ቢል፣ 1,200 ሲካፈል ለ800፣ 1.5 ነው። የአሮጌውን ተከታታይ በሙሉ በ1.5 ያባዙ። የዕድገት መጠኑ አይነካም፤ ከፍታው ብቻ ይስተካከላል። መገናኛው ላይ ቁም የተቆራረጠ መስመር ይሥሉ። ዘርፎችን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ በዚህ መንገድ ካገናኟቸው ደግሞ ድምራቸው ከጠቅላላው ጋር እኩል አይመጣም፤ ስሌቱን ስላበላሹት ሳይሆን የየዘርፉ ማባዣ ስለሚለያይ ነው።

ነፍስ ወከፍ ገቢ ከምንጭ ምንጭ ለምን ይለያያል?

አካፋዩ ስለሚለያይ። የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን 73.7 ሚሊዮን ገደማ ሰው ቆጥሯል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው፤ የሀገር ውስጡና የተባበሩት መንግሥታት ትንበያ ደግሞ በብዙ ሚሊዮን ይራራቃሉ። ገቢን ከአንዱ፣ ሕዝብን ከሌላው አይውሰዱ። ዕድገቱ 7.2፣ የሕዝብ ጭማሪው 2.5 በመቶ ቢሆን የነፍስ ወከፍ ዕድገቱ 1.072 ሲካፈል ለ1.025 ማለትም 4.6 በመቶ ነው።

የጎጃምን ገቢ በካርታ ላይ ቀለም ቀብቼ ላሳይ እችላለሁ?

የሀገሪቱን ነፍስ ወከፍ ገቢ በዞኑ ሕዝብ አባዝቶ «የምሥራቅ ጎጃም ገቢ» ብሎ ማቅረብ ያጋጥማል። ይህ ገቢ አይደለም፤ የሕዝብ ብዛት ነው፤ በሌላ ስም የቀረበ። ሁሉም ዞን እኩል ያገኛል ብሎ ስለሚጀምር ካርታው የሚያሳየው ሰው የበዛበትን ቦታ ብቻ ነው።

በዞን ደረጃ የሚሠራው በእጅ ያለው ነው። የመኸር የግብርና ናሙና ጥናት በዞን የተለየ መሬት በሄክታርና ምርት በኩንታል ይሰጣል። ከዚያ የጤፍ፣ የበቆሎና የስንዴን ምርታማነት በሄክታር አስልተው በካርታ ማሳየት ይችላሉ። ካርታ ላይ መቀባት ያለበት በሄክታር ወይም በነፍስ ወከፍ የተካፈለ ቁጥር ነው፤ ጠቅላላ ኩንታል ከሆነ ሰፊ ዞን ሁልጊዜ ጠቁሮ ይታያል። ዞን ሲከፈል ወይም ወረዳ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር የድሮውን ቁጥር በአዲሱ ወሰን ካላሰሉት በስተቀር መስመሩን ቆርጠው ይተዉት።

የወረዳ መረጃ በጥማድ ከመጣ 4 ጥማድን እንደ 1 ሄክታር መውሰድ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ጥማድ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የተጠቀሙበትን ማባዣ ይጻፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ገበሬው ሳይሸጥ ለቤቱ ያስቀረው እህል በሀገር ገቢ ውስጥ ይቆጠራል። እናት ከዚያ እህል ጋግራ ለቤተሰቧ ስታቀርብ የሠራችው ሥራ ግን አይቆጠርም። ስለ ገጠር የሚቀርብ ማንኛውም የገቢ ግራፍ ይህን ከግርጌው ቢጽፍ ለአንባቢው ፍትሕ ነው።

ሁለት ቁም ዘንግ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ?

ባይሆን ይሻላል። የሁለቱን ልኬት በመለወጥ ብቻ የፈለጉትን ዝምድና መፍጠር ይቻላል።

ፊደሎቼ ሳጥን ሆኑ፤ ሲታተምም ቀለሙ አይለይም።

በፓይተን ቋንቋ የግራፍ መሥሪያ በማትፕሎትሊብ የሚሠሩ ሰዎች የአማርኛ ርዕስ ሲጽፉ ባዶ ሳጥኖች የሚያዩት መደበኛው ፎንት ግዕዝ ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጭነው የፎንት ቤተሰቡን በስሙ ይጥሩት። በኤክሴል ኒያላ ወይም ኤብሪማ ይሠራል፤ ፋይሉን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ለማተም ከሆነ ግን በፒዲኤፍ አስቀምጠው ይውሰዱት።

አብዛኛው ሪፖርት የሚባዛው ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ ነው። አረንጓዴና ቀይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። አንዱን መስመር ሙሉ፣ ሌላውን የተቆራረጠ፣ ሦስተኛውን ነጠብጣብ ያድርጉት። ስሙንም ከጎን ባለ ሳጥን ሳይሆን መስመሩ ካለቀበት ጫፍ ላይ ይጻፉ። ከማስረከብዎ በፊት አንድ ቅጂ ያሳትሙና፣ ያንን እንደገና ፎቶ ኮፒ አድርገው፣ ክንድ ያህል ርቀው ያንብቡት፤ ከሁለተኛው ቅጂ ላይ «ግብርና» እና «ኢንዱስትሪ» ካልተለዩ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሱ።